ማክሰኞ በአሬኪፓ ምን ይበላል?

ስለ ምግብ ቤት የሚጻፍ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከማስታወቂያ አይለይም። ጸሐፊው ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ይበላል፣ «ጣት ያስቆረጥማል» ይላል፤ የጎዳናውን ስም ጽፎ ይወጣል። አንባቢውም አድራሻውን ይይዛል እንጂ ስለሚበላው ነገርም ሆነ ስላበሰለችው ሴት አንዳች አያውቅም። ልብ ወለድ ሲታተም ስለ አወቃቀሩ፣ ቴአትር ሲታይ ስለ ዝግጅቱ እንነታረካለን፤ ገበታ ላይ ስንደርስ ግን «ይጣፍጣል፣ አይጣፍጥም» ብለን የምናልፈው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ገበታም እኮ ይነበባል። ማን አበሰለው? ለማን አበሰለው? በየትኛው ቀን? በምን ድንጋይ ተፈጨ? ማን ከማን ጎን ተቀምጦ ይበላዋል? እነዚህን ያልጠየቀ ሐያሲ ሆዱን ሞልቶ ሊወጣ ይችላል፤ ያነበበው ግን የለም።

በዚህ ጽሑፍ ላነበው የተነሣሁት ገበታ የሩቅ አገር ነው፤ የፔሩዋ የደጋ ከተማ የአሬኪፓ። ስሟን የሰማ የእኛ ሰው መጀመሪያ አረቄ ትዝ ቢለው አይፈረድበትም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት። ይህ ከአዲስ አበባ ከፍታ ጋር እጅግ ስለሚቀራረብ፣ ከቆላ የመጣው ቱሪስት የሚያማርርበት የትንፋሽ ማጠር የሸገርን ልጅ እምብዛም አያስቸግረውም። ከበስተኋላዋ ሚስቲ የሚባለው እሳተ ገሞራ 5,822 ሜትር ከፍ ብሎ ቆሟል። ቤቶቿና አብያተ ክርስቲያኖቿ «ሲያር» ከሚባል ነጭ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለታነፁ «ነጯ ከተማ» ይሏታል። ስፔናውያን የቆረቆሯት በ1540 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ መሐል ከተማዋም በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ሥነ ጽሑፍ ወዳዱ አንባቢ ደግሞ በሌላ መንገድ ያውቃት ይሆናል፤ በ2010 የኖቤል ሽልማት የተቀበለውና በ2025 ያረፈው ደራሲ ማሪዮ ቫርጋስ ዮሳ በ1936 የተወለደው እዚያው ነው። የከተማዋ ሰው ግን ስለ አገሩ ሲጠየቅ ከደራሲውም ከተራራውም በፊት ወጥ ቤቱን ያነሣል። እኔም የምነሣው ከዚያው ነው።

ፒካንቴሪያ ምንድን ነው?

በአሬኪፓ የት ይበላል ቢሉ መልሱ አንድ ቃል ነው፤ ፒካንቴሪያ። «ፒካንቴ» ማለት የሚያቃጥል ማለት ነው። ስለዚህ ቃሉን ወደ እኛ ብናመጣው «ማቃጠያ ቤት» ወይም «ቃሪያ ቤት» እንደማለት ይሆናል። ነገር ግን ቃሉ ያታልላል። ፒካንቴሪያ ከመነሻው ምግብ ቤት አልነበረም፤ መጠጥ ቤት ነበር። ሰው የሚሰበሰበው ቺቻ ለመጠጣት ነው። ባለቤቷ ጠጪው እንዳይሰክርባትም፣ ጥሙም እንዳይቆረጥ በማሰብ በትናንሽ ሳህን የሚያቃጥል ነገር ጣል ታደርግለት ነበር። ቀስ በቀስ ሳህኑ ሰፋ፤ ብርጭቆው ሳይጠፋ ምግቡ ገነነ። የእኛ ጠላ ቤት ለጠጪው ከሚያቀርበው ቆሎ ተነሥቶ ሙሉ ምሳ ወደማቅረብ ቢሸጋገር ኖሮ ምን ይመስል ነበር ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፣ መልሱ አሬኪፓ ውስጥ ቆሞለታል።

ቺቻው ራሱ ከጠላችን የሩቅ ዘመድ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የአሬኪፓው ዓይነት «ቺቻ ደ ጊኛፖ» ይባላል። ጊኛፖ ማለት እኛ በአንድ ቃል የምንገልጸው ነገር ነው፤ ብቅል። ጥቁር በቆሎ ይዘፈዘፋል፣ ይበቅላል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ረጅም ሰዓት ይፈላል፣ ይጠለልና ይፈላ ዘንድ ለእርሾው ይተዋል። ጌሾ የለውም፤ ስለዚህ ምሬቱን የለመደ ምላስ መጀመሪያ ላይ አንድ ነገር የጎደለ ይመስለዋል። ቀለሙ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ፣ ጣዕሙ ኮምጠጥ ያለ ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል የሚለው አባባላችን ለዚያም አገር ይሠራል። የከተማዋ ወሬ፣ ፖለቲካና እንጉርጉሮ ሁሉ በዚህ ብርጭቆ ዙሪያ ሲወጣ ኖሯል። «ያራቪ» የሚባለው የሐዘንና የፍቅር ዜማ ከአሬኪፓ ጋር ስሙ ተሳስሮ ይኖራል። የያራቪ ግጥሞችን በመጻፍ የታወቀው ማሪያኖ ሜልጋር የአሬኪፓ ልጅ ነው፤ ለነፃነት ሲዋጋ ተማርኮ በ1815 ሲረሸን ዕድሜው ገና 24 ነበር። ዜማው ከመጽሐፍ ይልቅ በፒካንቴሪያ ወንበር ላይ ሲዘፈን ነው ከትውልድ ወደ ትውልድ የተሻገረው።

ፒካንቴሪያ የሴት ቤት ነው። ባለቤቷ «ፒካንቴራ» ትባላለች፤ ደንበኛው «ዶኛ» ብሎ ይጠራታል፣ እኛ «እትዬ» እንደምንለው። ሙያው ከእናት ወደ ልጅ ይወርዳል። ብዙዎቹ ቤቶችም የሚታወቁት በመሥራቿ ስም ወይም ቅጽል ስም ነው፤ ሳቻካ በተባለው ቀበሌ ያለው ላ ሉሲላ አንዱ ምሳሌ ነው። በያናዋራ የሚገኘው ላ ኑዌቫ ፓሎሚኖም በዚሁ የእናትና የልጅ ውርስ የቆመ ነው። የቤቱ ሥርዓት ቀላል ነው። ምድጃው የእንጨት ነው። ቅመሙ የሚፈጨው «ባታን» በሚባል ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣ ሌላ ክብ ድንጋይ እያንከባለሉ ነው፤ የእኛን ወፍጮና መጅ ላየ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። ገበታው ረጅም፣ መቀመጫውም አግዳሚ ወንበር ነው፤ ስለዚህ ከማያውቁት ሰው ጎን ይቀመጣሉ። ዳኛና ጫኝ፣ ገበሬና ጠበቃ ጎን ለጎን ይበሉ ነበር የሚባለው ከዚሁ የተነሣ ነው። ደግሞም ፒካንቴሪያ የቀን ቤት ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ከፍቶ ወደ ማታ ሲጠጋ ይዘጋል። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሳምንቱ በሾርባ ሲቆጠር

እኔን ከሁሉ ይልቅ የማረከኝ የሾርባው ቀን መቁጠሪያ ነው። አሬኪፓ ውስጥ ወፈር ያለ ሾርባ ሁሉ «ቹፔ» ይባላል፤ ለየቀኑም የራሱ ቹፔ አለው። ሰኞ ቻኬ ነው። ማክሰኞ ቻይሮ ነው። ዓርብ «የዓርብ ቹፔ» ተብሎ በቀኑ ስም የሚጠራው ይመጣል። እሑድ ደግሞ ነጩ ሾርባ አለ። የመካከሉ ቀናት ከቤት ቤት ይለያያሉ፤ ሕጉ ግን አንድ ነው፤ ሾርባውን የሚመርጠው ደንበኛው ሳይሆን ቀኑ ነው።

ስለ ቻይሮ ጥቂት ልበል፤ የዚህ ጽሑፍ ርእስም እሱ ነውና። ቻይሮ የድህነት ብልሃት የወለደው ምግብ ነው። በውስጡ «ቹኞ» አለ። ቹኞ ማለት በደጋው የሌሊት ውርጭ እንዲበርድ፣ በቀን ፀሐይ እንዲደርቅ ተደርጎ ውኃው በእግር ተረግጦ የወጣለት ድንች ነው፤ ጥቁርና ቀላል ይሆናል፣ ለዓመታት ሳይበላሽ ይቀመጣል። ድንቹን ያላመዱት የአንዲስ ተራሮች ሰዎች ማቀዝቀዣ ከመፈልሰፉ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ያገኙት ዘዴ ነው። ከእሱ ጋር የበግ ሥጋ፣ ባቄላ፣ እህልና ቅጠላ ቅጠል ይገባል። ቹኞው በጥርስ ሲነካ እንደ ስፖንጅ ለስለስ ይልና የጠጣውን መረቅ ይተፋዋል። ለዓይን የሚያምር ነገር የለውም፤ ግራጫ ነው። ፎቶግራፍ የሚያነሣው ሰው አላየሁም። ግን ከተማዋ የገጠር ልጅ መሆኗን፣ ከላይ ከውርጩ አምባ ከሚወርደው ሰው ጋር የሥጋ ዝምድና እንዳላት የሚናገረው ይህ ግራጫ ሳህን ነው።

የዓርቡ ቹፔም የራሱን ታሪክ ይናገራል። የካቶሊክ እምነት ዓርብን ከሥጋ መከልከያ ቀን ስለሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ ሥጋ የለበትም፤ ዱባ፣ ድንች፣ ባቄላና በቆሎ ይበዛበታል። ወተትና አይብ ግን አለው። በእነሱ ሚዛን ጾም ነው፤ በእኛ ሚዛን ፍስክ ነው። ዓርብ የሚጾም አንባቢ ከሄደ ሳህኑ እስኪመጣ ሳይጠብቅ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ሦስት ምግቦች፣ ሦስት ፈተናዎች

አንድ ቤት የከተማዋን ገበታ የሚያከብር ወይም የሚነግድበት መሆኑን ለመለየት የምጠቀምባቸው ሦስት ምግቦች አሉ።

የመጀመሪያው አዶቦ ነው። የአሳማ ሥጋ ነው፤ ብዙው የእኛ አገር ሰው አይበላውም፤ አሠራሩን ማወቁ ግን አይጎዳም። ሥጋው በቀይ ደረቅ በርበሬ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በኦሬጋኖና በቺቻ አተላ ተዘፍዝፎ ያድራል። አዎን፣ አተላ። እኛ ለከብት የምንሰጠው አተላ እዚያ የወጡ ነፍስ ነው፤ ሥጋውን የሚያለሰልሰውም ኮምጣጣነቱን የሚሰጠውም እሱ ነው። ከዚያ በሸክላ ድስት ይበስላል። የሚበላውም እሑድ ጠዋት፣ ለቁርስ ነው፤ ባለ ሦስት ማዕዘን ዳቦ እየተነከረ፤ በላዩ ላይ አኒስ አረቄ ጠብ ያለበት ሻይ ይከተላል። ካይማ በተባለው ቀበሌ እሑድ ማለዳ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ወደ ድስቱ፣ ከድስቱም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ፈተናው እንግዲህ ይህ ነው፤ ቤቱ አዶቦን በምን ቀን ያቀርባል? በትልቁ አደባባይ አቅራቢያ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ምግብ ቤት ረቡዕ ማታ አዶቦ እንደሚያቀርብ በሰሌዳው ጽፎ ስላየሁ ምን እንደሚመስል ለማወቅ አዘዝሁ። በሩዝ ተከብቦ፣ በኮምጣጤ ጎምዝዞ መጣ፤ የቺቻ ሽታ የለውም። አስተናጋጁን ስጠይቀው «ቱሪስቱ እሑድን አይጠብቅም» አለኝ። ሰውየው አልዋሸም። ችግሩም እሱ አይደለም። ችግሩ፣ እሑድን መጠበቅ የምግቡ ቅመም መሆኑን የሚያስረዳው ሰው ማጣቱ ነው።

ሁለተኛው የካማሮን ቹፔ ነው። ካማሮን በወንዝ የሚኖር፣ ከባሕሩ ሽሪምፕ ጋር የሚመሳሰል ፍጥረት ነው። ከአሬኪፓ ክልል ወንዞች፣ ከማኼስ፣ ከኦኮኛና ከመሳሰሉት ይወጣል። በወተት፣ በእንቁላል፣ በድንች፣ በአይብና «ዋካታይ» በሚባል ጠንካራ መዓዛ ባለው ቅጠል ይሠራል። በጥሩ እጅ ከተሠራ ከዚያ አገር ሾርባዎች ሁሉ አውራው ነው ብዬ ለመከራከር ዝግጁ ነኝ። ነገር ግን ካማሮን የሚራባበት ወቅት ስላለው ሕጉ በየዓመቱ ከዲሴምበር መጨረሻ እስከ ማርች መጨረሻ ማጥመድን ይከለክላል። ስለዚህ በፌብሩዋሪ «ዛሬ ከወንዝ የወጣ» እያለ የሚያቀርብልዎት ቤት ወይ እርስዎን ያታልላል ወይ ሕጉን ይጥሳል፤ ሦስተኛ አማራጭ የለም። በእነዚያ ወራት «የለም» የሚል ቤት ካገኙ ቁጭ ይበሉ፤ በሌላውም ነገር ሊታመን ይችላል። ከአንድ ምግብ ቤት ሐቀኝነት አብዛኛው «የለም» በሚለው ቃል ውስጥ ነው።

ሦስተኛው ሮኮቶ ሬዬኖ፣ ማለትም የተሞላ ሮኮቶ ነው። ሮኮቶ ሲያዩት ቲማቲም ይመስላል፤ ሲቆርጡት ፍሬው ጥቁር ነው፤ ሲቀምሱት ሚጥሚጣ ነው። የሠራተኛዋ ጥበብ ያን እሳት ሳታጠፋ መግራት ነው። ፍሬውን ታወጣለች፤ ስኳርና ጨው ባለበት ውኃ ደጋግማ ታፈላዋለች፤ ከዚያ የተከተፈ ሥጋ፣ ሽንኩርት፣ ለውዝ፣ ዘቢብና ወይራ ትሞላዋለች፣ አይብ ትከድነዋለች፣ ትጋግረዋለች። ከጎኑ በወተት፣ በእንቁላልና በአይብ የተሠራ የድንች ንብብር ይቀመጣል። እዚህ ላይ የምነቅፈው ብዙ ነገር አለኝ። ለውጭ ሰው ተብሎ እስኪሞት ድረስ የተቀቀለ ሮኮቶ በብዙ ቤት ይቀርባል፤ ያ ሮኮቶ ቀዩን ልብስ የለበሰ ድንች ነው። እሳት የሌለው ፒካንቴሪያ ስሙን ይቀይር። እኛ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ለመፍረድ ባዳዎች አይደለንም። የበርበሬ ዘር ሁሉ አገሩ ያ የአሜሪካ ምድር ነው፤ ወደ እኛ የመጣው ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ ባሕር ተሻግሮ ነው። በቆሎውም ድንቹም ከዚያው ናቸው። ድንችን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስገባልን ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ እንደሆነ ይነገራል። ስለዚህ አበሻ ሮኮቶ ቀምሶ «አያቃጥልም» ብሎ ሲያማርር የሚናገረው የአያቱን ቤት እንደሚጎበኝ ሰው ነው።

ስለ ኩይም ሳልናገር አላልፍም፤ ጠያቂው ብዙ ነውና። ኩይ በወጥ ቤት ጥግ የሚረባ፣ ከጥንቸል የሚያንስ ፀጉራም እንስሳ ነው። አሬኪፓ ውስጥ በድንጋይ ተጭኖ በዘይት ይጠበሳል። ከነጭንቅላቱ ነው የሚመጣው። እንግዳው ፎቶ ያነሣና ሁለት ጉርሻ በልቶ ይተወዋል። እኔ የምለው፣ የማይበሉትን ለመሣቅ አያዝዙ። ለዚያ አገር የደጋ ሰው ኩይ የድግስ ሥጋ ነው፤ የእኛን የክት ዶሮ በሹካ እየነካካ የሚሥቅ እንግዳ ቢገጥመን ምን እንደሚሰማን እናውቃለን።

አዲሶቹ ቤቶችና የቆየው ጭስ

በሲያር ድንጋይ በተሠሩት አሮጌ ቅጥሮች ውስጥ፣ በተለይ በ1579 በተመሠረተው የሳንታ ካታሊና ገዳም አካባቢ፣ አዳዲስ ምግብ ቤቶች በዝተዋል። ሻማ አለ፤ የወይን ዝርዝር አለ፤ የአልፓካ ሥጋ በጋለ ድንጋይ ላይ እየተንጨረጨረ ይመጣል። እነዚህን ሁሉ በጅምላ መኮነን ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። አንዳንዶቹ በእውነት ጥሩ ያበስላሉ። የደጋውን ድንችና እህል ከረሳው የከተማ ልጅ ጋር ያስታረቁም አሉ። ደግሞም ፒካንቴሪያ ሲመሽ ስለሚዘጋ፣ ማታ የሚራብ እንግዳ የት ይሂድ? ክርክሬ ከቤቶቹ ጋር አይደለም፤ ከእንግዳው ልማድ ጋር ነው። ቀኑን ሙሉ ገደልና ገዳም ሲያይ ውሎ፣ ምሳውን በዳቦ አሳልፎ፣ የከተማዋን ምግብ «ማታ እቀምሰዋለሁ» ብሎ የሚመጣ ሰው፣ ከተማዋ በልታ ከጨረሰች በኋላ ነው የሚደርሰው። ቀደም ሲል እመለስበታለሁ ያልሁት ነጥብ ይኸው ነው። መጽሐፉ ሁሉ «የት ይበላል?» እያለ ይጠይቃል፤ አሬኪፓ ግን የምትመልሰው «መቼ?» የሚለውን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር ልምጣ። ፒካንቴሪያዎቹ እየተመናመኑ መሄዳቸው ያሳሰባቸው ሴቶች በ2012 የፒካንቴራዎች ማኅበር አቋቋሙ። በ2014 የፔሩ መንግሥት የአሬኪፓን ፒካንቴሪያ የአገር ባህላዊ ቅርስ ብሎ ሰየመው። በ2019 ደግሞ ዩኔስኮ ከተማዋን በምግብ ጥበብ ዘርፍ የፈጠራ ከተሞች መረብ አባል አደረጋት። እሰየው ነው። ይሁንና ቅርስ የሚለው ቃል ሲጠራ እኔ ሁልጊዜ አንድ ሥጋት አለኝ። ቅርስ የተባለ ነገር ቶሎ ወደ መስተዋት ሣጥን ይገባል። ባታኑ ቅመም መፍጨቱን ትቶ በር ላይ ይቆማል፤ ቅመሙ ጓዳ ውስጥ በኤሌክትሪክ ይፈጫል። አስተናጋጇ የአያቷን ቀሚስ ለብሳ ትቆማለች፤ ሾርባው ግን ከሰኞ እስከ እሑድ አንድ ይሆናል። አግዳሚው ወንበር ይነሣና የአራት ሰው ጠረጴዛ ይተካል። ያን ጊዜ ስሙ አለ፣ ምስክር ወረቀቱ ግድግዳው ላይ አለ፣ ፒካንቴሪያው ግን ሄዷል።

በዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቃለሁ፤ ከባድ ተቃውሞም ነው። «አንተ በልተህ ትሄዳለህ፤ ሴትዮዋ ግን ለአንተ ናፍቆት ስትል ዕድሜ ልኳን በጭስ ትታፈን? ወገቧ በድንጋይ ወፍጮ ይጉበጥ? ልጇ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሐኪም ልሁን ብትል ቅርስ ይጠፋልና አይሆንም ትባል?» ከእንጨት ጭስና ከመጅ ጋር ያደጉ እናቶች የወለዱን ሰዎች ይህን ጥያቄ በፈገግታ ልናልፈው አንችልም። የድንጋይ ወፍጮን ውበት የሚያደንቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፈጭቶ የማያውቅ ነው።

መልሴ እንዲህ ነው። ጭሱ ቅርስ አይደለም። ጭሱን የሚያወጣ ጥሩ ጭስ ማውጫ ቢሠራ ወጡ አይከፋም። ድንጋዩም ቢሆን ለሚገባው ነገር ይዋል፤ «ኦኮፓ» የሚባለው የለውዝ፣ የደረቅ በርበሬና የዋካታይ ድልህ በድንጋይ ሲደቅ ሸካራነቱ ይቀራል፤ በማሽን ሲፈጭ እንደ ቅባት ይልማል፤ ልዩነቱ የእውነት ነው፤ ያን ልዩነት የፈለገ ደንበኛ ግን ለድካሙ ይክፈል። ርካሽ ይሁንልኝ፣ በእጅም ይፈጭልኝ ማለት የሰውን ጉልበት መስረቅ ነው። ሊጠበቅ የሚገባው ከምድጃውና ከድንጋዩ በላይ ሁለት ነገር ነው ባይ ነኝ። አንደኛው የቀኑ ሕግ ነው፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ሆኖ እንዲቀር። ሁለተኛው ረጅሙ ገበታ ነው፤ የማያውቁት ሰው ጎን የሚቀመጡበት። ሁለቱም ሴቲቱን አያደክሟትም፤ የሚጠይቁት ደንበኛውን ነው። ቀኑን እንዲጠብቅ፣ ጎረቤቱን እንዲታገሥ። የፒካንቴሪያው ዕጣ የሚወሰነው በዩኔስኮ ስብሰባ አዳራሽ ሳይሆን፣ ማክሰኞ ቀን ቻይሮ ፍለጋ በሚመጣው የሰፈር ሰው ቁጥር ነው።

ለሚሄድ ሰው

ነቀፋ ብቻ ጽፎ አንባቢን ጦሙን ማሳደር ደግ አይደለምና የተግባር ምክሬን ልስጥ። ጠዋት ሳን ካሚሎ ገበያ ይግቡ። የድንቹን ዓይነት፣ የወይራውን ክምር፣ የአይቡን ረድፍ ይመልከቱ፤ ከጭማቂ ሻጮቹ አንዷ ጋር ተቀምጠው ይጠጡ። ምሳ በሰባት ሰዓት ገደማ በእኛ አቆጣጠር፣ ከመሐል ከተማዋ ወጣ ብለው ያናዋራ ወይም ሳቻካ ወደሚገኝ ፒካንቴሪያ ይሂዱ። መጀመሪያ የቀኑን ቹፔ ይጠይቁ። ቀጥሎ «ሶልቴሪቶ» ያስመጡ፤ ባቄላ፣ በቆሎ፣ ትኩስ አይብ፣ ወይራ፣ ሽንኩርትና ሮኮቶ ተከትፎ የተደባለቀበት ሰላጣ ነው፤ ዋጋው ትንሽ፣ ክብሩ ብዙ። ቁጥራችሁ ከበዛ በአንድ ሳህን ሁለት ዓይነት ወይም ሦስት ዓይነት ተደርድሮ የሚመጣውን፣ «ዶብሌ» ወይም «ትሪፕሌ» የሚባለውን እዘዙ። ቺቻውን በዝግታ ይጠጡ፤ አይቸኩሉ፣ ቤቱ ለችኩል አልተሠራም።

ከምሳ በኋላ በጎዳናው «ኬሶ ኤላዶ» የሚሸጡ ሴቶች ያገኛሉ። ትርጉሙ የበረደ አይብ ማለት ነው፤ አይብ ግን ጠብ አይልበትም። ወተት፣ ኮኮናትና ቀረፋ ነው፤ በበረዶና በጨው በተከበበ ዕቃ ውስጥ በእጅ እየተሽከረከረ በጠርዙ ላይ በስሱ ይረጋል፤ ተቆራርጦ ሲነሣ አይብ ስለሚመስል ነው ስሙ የወጣለት። እሑድ ከሆነ ማለዳ ተነሥተው ካይማ ይሂዱ፤ የአሳማ ሥጋ የማይበሉ እንኳ ቢሆኑ ሰው ገና በጠዋቱ በሸክላ ድስት ዙሪያ ሲሰበሰብ ማየቱ ራሱ ይበቃል።

አሬኪፓ ምርጥ የምትበላበት ቤት ከሚኖራት ይልቅ ምርጥ የምትበላበት ሰዓት አላት። የከተማዋን ገበታ ከመዘንሁት በኋላ ፍርዴ ይህ ነው፤ ምግቡ በአብዛኛው ታላቅ ነው፣ አቀራረቡ አልፎ አልፎ ለእንግዳ ያጎበድዳል፤ የሚያድነው ግን ያላጎበደደው ክፍሉ ነው። ለቱሪስት ብሎ እሑድን ወደ ረቡዕ የማያመጣው፣ በማይጠመድበት ወር ካማሮን የለም የሚለው፣ ሮኮቶውን እሳቱን ሳያጠፋ የሚያቀርበው ቤት እስካለ ድረስ ፒካንቴሪያ ቅርስ ሳይሆን ምሳ ሆኖ ይኖራል። ምሳ ሆኖ መኖሩ ደግሞ ከቅርስነቱ ይበልጣል።